ፊቱ የተለበጠ መስታወት

አለቃዬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ የማለት ሐሳቡም የለኝም።

ጂንካ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሩቅ ኮከብ የሚመጣ ኤክስሬይ በየት አቅጣጫ እየተርገበገበ እንደሚደርሰን የሚለይ መስታወት ለመሥራት ስል ወጣትነቴን ጨርሻለሁ። መስታወቱ በአንዱ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ይመልሳል፣ ሌላውን እምቢ ይላል፤ ስናዞረው የሚመልሰው ጨረር ከፍ ዝቅ ካለ ሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ አልዱባ ገበያ እንደሚሸጠው መስታወት ጀርባው አይለበጥም። ኤክስሬይ መስታወት ውስጥ ገብቶ ተመልሶ አይወጣማ! ስስ የብረት ንብርብሮቹ የሚለበጡት ፊቱ ላይ ነው። ጣት እንኳ አያርፍበትም።

አለቃዬ መጀመሪያ «ኤክስሬይ ከፈለግሽ ሆስፒታሉ ያውልሽ» እያለ መምህራኑን ያስቅብኝ ነበር። ስሌቴ ውጭ አገር ተወዶ፣ መዳፍ የምታክል መስታወት ተለብጣ ስትላክልን ግን «የእኔ ፕሮጀክት» አላት። ደሜ ፈላ! በአፌ «እርስዎ» እያልኩ በሆዴ ያላወረድኩበት እርግማን የለም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መስታወቷ የእኔ መባሏን።

እንግዶች መለኪያቸውን ይዘው ሊሞክሯት መጡ። ከመኪና ሲወርዱ አለቃዬ በመስኮት እያየ፣ «የማስረዳው እኔ ነኝ፤ አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ፣ ገባሽ?» አለኝ።

«እሺ ጌታዬ» አልኩ።

መስታወቷን ከሳጥኗ አወጣት። አቧራ ቢጤ ሳያይባት አልቀረም፣ እፍ አለባትና መሀረቡን መዥረጥ አድርጎ ፊቷን እንደ ባጃጅ ስፖኪዮ እሽት እሽት አደረጋት። መስታወት የሚለበጠው ጀርባው ነዋ፣ ለእሱ! «ኧረ ተዉ!» ማለት እችል ነበር። ግን አፍሽን አትክፈቺ ተብዬ የለ? አልከፈትኩም። የለፋሁባት ልጄ ዓይኔ እያየ ስትፋቅ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መለኪያው ውስጥ ገብታ ብትዞር ብትዞር ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የአለቃዬ ላብ በግንባሩ ወረደ። እሰይ፣ የእጅህን አገኘህ፣ እያልኩ ጥግ ቆሜ አየሁት። እንደዚያን ቀን የጣመኝ ነገር የለም።

ከእንግዶቹ መካከል ሽማግሌው መስታወቷን አውጥተው ወደ መስኮቱ አስጠጓትና ፊቷ ላይ ያለውን ጭረት አተኩረው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይህ የማን ሥራ ነው?» አሉ።

አለቃዬ ቅንጣት አላመነታም። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «የእሷ!» አለ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የእሷ ብቻ ናት።»