የሲግሩን በቀል

ልጅ ሳለሁ፣ እኩዮቼ ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ሲተረትላቸው፣ ለእኔ የሚተረትልኝ ዓሣ እየከተፈች ስለምትዘፍን ስለ አንዲት የአይስላንድ ልጅ ነበር። የምትነግረኝ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘነቡ ናት። ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ወጥታ እኛ ዘንድ አትላንታ እስክትመጣ ድረስ፣ ብዙ ዓመት የኖረችው በዚያች ቀዝቃዛ ደሴት፣ በአንዲት የወደብ መንደር፣ በዓሣ ፋብሪካ እየሠራች ነው።

ያኔ ቤታችን ከአትላንታ ዳር፣ ሊቶኒያ ነበር። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች፤ ስለዚህ በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት፣ ምሽቱ የእኔና የአክስቴ ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ እግሩ የተጣመመ የከሰል ግሪል ነበረን። አክስቴ እሱ ላይ የበቆሎ እሸት ትጠብሳለች፤ በቆሎው ካለቀ በኋላም ጭሱ ትንኝ ያባርርልናል እያለች ፍሙን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። በበረንዳው አምፖል ዙሪያ የእሳት እራቶች ይርመሰመሳሉ፤ ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት እንደ መጋዝ ይጮኻሉ፤ እሷም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል፣ ፊቷ በፍሙ ቀልቶ፣ «እና ሲግሩን…» ብላ ትናንት ካቆመችበት ትቀጥላለች።

«ድምፅ ነበራት?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱን እያወቅኩ።

«ነበራት አይባልም» ትለኛለች። «ሰፍሮባት ነበር እንጂ።»

ሲግሩን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ነው አሉ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መዘመር የጀመረችው። መዘምራኑን የሚመራው ኦርጋን ተጫዋች ነበር። አክስቴ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ «ኦርጋኑ» ነው የምትለው። ሰውየው ድምጿን እንደሰማ ነጭ ቀሚስ አልብሶ ከመንደር መንደር ያዞራት ጀመር፤ ሬዲዮ ላይ አቀረባት፤ ሸክላም አስቀረጻት። የሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ የእሷ ነው፤ በትልቁ የተጻፈው ስም ግን የእሱ። ትንሽ ስትስት እጁን ከኦርጋኑ ላይ ያነሣና፣ ሕዝብ ፊት፣ ፈገግ ብሎ፣ «ከመጀመሪያው እንጀምር» ይላታል። ልጅቷም ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

እያደገች ስትመጣ ግን ያ ጣፋጭ ዜማ ሰለቻት። ነፋስ በተቀደደ ቆርቆሮ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ታወጣ ጀመር፤ መዝሙሩ መሀል ታጓራለች፣ ታቃስታለች፣ ትንፋሿን እንደ ማዕበል ትስባለች። አንድ እሑድ ሰውየው መጫወቱን አቁሞ ወደ ምእመኑ ዞረና፣ «ይህ ድምፅ አይደለም፣ በሽታ ነው» ብሎ ከመዘምራኑ አስወጣት። እናቷ እንኳ ከመቀመጫዋ አልተነሣችላትም። በማግስቱ ሲግሩን የፋብሪካውን ሽርጥ አስራ አክስቴ አጠገብ ቆመች።

እዚያ ዝም የሚያሰኛት አልነበረም። በረዶ መፍጫው እያጓራ፣ ዓሣውን የሚያመላልሰው የጎማ ቀበቶ ሲጥ ሲጥ እያለ፣ ሴቶቹ ቢላዋ እየሳሉ፣ እሷ ከማሽኖቹ ጋር ትዘፍን ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ከአሜሪካ ስልክ ተደውሎላት የእኔን መወለድ ስትሰማ፣ ያለችበትን ረስታ እዚያው ዓሣው መሀል እልል አለች። ሴቶቹ ደንግጠው ቢላዋቸውን ጣሉ። ሲግሩን ብቻ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣችና፣ «ያንን አስተምሪኝ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ በየምሳ ሰዓቱ፣ በረዶ ቤቱ ጀርባ፣ ምላሷን ታለማምዳለች። ዋና ከተማው ሄዳ የመጀመሪያ ሥራዋን ስትቀርጽ ውስጡ ያለው ይኸው ነበር፦ በረዶ መፍጫው፣ ቢላዋው፣ ትንፋሿ፣ መጨረሻው ላይም ትንሽ የተንሻፈፈ እልልታ። አንድ ጋዜጠኛ በርሜል ውስጥ የገባች ድመት ትመስላለች ብሎ ጻፈባት። የመጀመሪያው ኮንሰርቷ ላይ ሰዉ እየተነሣ ወጣ። እሷ ግን ላልወጡት ዘፈነች፤ ካልወጡት አንዱ ወደ ሌላ አገር ወሰዳት፤ ከዚያ በኋላ አዳራሾቹ እየሰፉ ሄዱ። አክስቴ ከአይስላንድ ያመጣችው አንድ የተጫጫረ ሲዲ ነበራት። መጀመሪያ ስሰማው ፈርቼ እግሯ ሥር ተወሸቅኩ፤ በኋላ ግን ሳልሰማው እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ጋሽ ተካልኝ ወደ ሕይወቴ የገቡት በዚያ ዘመን ነው። የአበሻውን ሠርግ ሁሉ በኪቦርድ የሚያደምቁት እሳቸው ነበሩ፤ ለእንቁጣጣሽም የልጆች መዘምራን ያሰለጥናሉ። እናቴ ቋንቋዬም እንዲቃና፣ ጓደኛም እንዳገኝ ብላ ወሰደችኝ። እኔም ሲግሩን ያስተማረችኝን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። በሙሉ ጉሮሮዬ ዘፈንኩ።

ጋሽ ተካልኝ ጣታቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ።

«አንቺ፣ ባለ ቢጫ ሪባኗ» አሉኝ። «ድምፅሽ ሌሎቹን ያበላሽብኛል። ከኋላ ቁሚና አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ እሺ የኔ ቆንጆ?»

ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት እናቶች ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም፤ ግን «እሺ በያቸው እንጂ» አለችኝ። ከሳቁ ሁሉ የቆረጠኝ ያ ነው። የበዓሉ ዕለትም አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ አበባ ይዤ፣ ከረጃጅሞቹ ልጆች ኋላ አፌን እንደ ዓሣ ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። አባቴ ከፊት ሆኖ ቪዲዮ ያነሣኝ ነበር፤ እየዘፈንኩ መስሎት።

አክስቴ ሁሉንም አይታ ነበር። እቤት ስንደርስ ግሪሉን ለኮሰች፤ በቆሎ ግን አላመጣችም።

«እንዲሞት ነው የምፈልገው» አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፍሙን እያራገበች «መሞትማ ምን አላት» አለች። «ሁሉም ይሞታል። ተቀመጪ፤ ሲግሩን ኦርጋኑን ምን እንዳደረገችው ልንገርሽ።»

ያን ምሽት የነገረችኝን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሲግሩን ስሟ ሲገንን ሰውየው «እኔ ነኝ ያሳደግኳት» እያለ በየጋዜጣው ይናገር ጀመር። መንደሩ ግብዣ አዘጋጅቶ ጠራት። እሷም «እመጣለሁ፤ ኦርጋኑን ግን እሱ ይጫወትልኝ» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰውየው ጀመረ፤ እሷ ግን የራሷን ዘፈን፣ ያንን የነፋስና የበረዶ መፍጫ ዘፈኗን ለቀቀችው። ጣቱ ሊከተላት ቢሞክር መያዣ አጣ። አቆመች። ፈገግ አለች። «ከመጀመሪያው እንጀምር» አለችው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ጠፋበት። «ምንም አይደለም፤ ከመጀመሪያው እንጀምር።» አንድም ክፉ ቃል ሳትናገር፣ በጨዋ ደንብ፣ ሰውየው እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ እስኪያቀረቅር ድረስ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ከዚያ ብቻዋን ዘፈነች።

እናቴ ከኋላችን ቆማ ሰምታ ኖሯል። «ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት! ልጄን ምን እያስተማርሽብኝ ነው?»

«እኔ መች ጸልዪ አልኳት?» አለች አክስቴ፣ ዞር እንኳ ሳትል። «ዝፈኚ ነው ያልኳት።»

ዘፈንኩም። ጋራዥ ውስጥ፣ የመኪናዬን መስኮት ዘግቼ ሃይዌይ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጋር ዘፈንኩ። ቂሜን እንደ እርሾ ያዝኩት፤ አንዱ ሊጥ ሲያልቅ ለሚቀጥለው አስቀራለሁ። ኮሌጅ የድምፅ ቀረጻ ተማርኩ፤ ማሪዬታ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ከፈትኩ፤ የራሴንም ሥራ፣ ሰው ሙዚቃ ነው ወይስ ጭቅጭቅ እያለ የሚከራከርበትን፣ ለጥቂት ወዳጆቹ ማቅረብ ጀመርኩ። የትም ስዘፍን ግን በሐሳቤ ፊት ወንበር ላይ የማስቀምጠው ጋሽ ተካልኝን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ማኅበረሰቡ ለእሳቸው የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጀ። ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ደወለችልኝ፦ «ሶስና፣ ሙዚቃ ላይ ስላለሽ አጭር ስፒች ታደርጊልናለሽ?» እሺታዬ ቃሏን ሳትጨርስ ነው የወጣው። ያን ቀን አዳራሹ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁ። የማደርገውን አውቀዋለሁ፦ እንደ ሲግሩን፣ አጅቡኝ እላቸዋለሁ።

ከእኔ በፊት የወጡት ልጆቹ ነበሩ። ጋሽ ተካልኝ ሸብተው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ኪቦርዱ ላይ ናቸው። ከኋላ ረድፍ አንዲት ባለ መነጽር ልጅ አየሁ። አፏ ከዘፈኑ ትንሽ ዘግየት ይላል። ማንም አላስተዋለም፤ እኔ ግን ያንን አፍ የት እንደማውቀው ልቤ ነገረኝ፤ ያሰብኩትን ሁሉ ጣልኩት። ተራዬ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ይዤ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩና ተንበረከክኩ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሊዲያ።»

«ሊዲያ፣ ለምንድን ነው የማትዘፍኚው?»

«ላይክ… እኔ አልዘፍንም። አፌን ብቻ ነው ሙቭ የማደርገው።»

አዳራሹ ሁሉ ሰማት።

«ማነው እንደዚያ ያለሽ?»

ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። «እሱ።»

ጋሽ ተካልኝ ሳቅ ለማለት ሞከሩ። «ሶስና፣ ያሳደግኩሽ ልጅ! ምን ጨዋታ አመጣሽ?»

«ለእኔም እንደዚሁ ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው። «አሁን ሊዲያ ትዘፍናለች፤ እርስዎ ያጅቧታል።»

እምቢ ሊሉ አልቻሉም፤ የተሰበሰበው እሳቸውን ሊያከብር ነውና። ሊዲያ መጀመሪያ በሹክሹክታ ያህል ጀመረች፤ ከዚያ ድምጿ ወጣ። ሻካራ ነው፤ ከዜማው ይወጣል፣ ይገባል፣ ደስ ባለው ቦታ ይቆማል። የሽማግሌው ጣቶች ሲያሳድዷት፣ ሲያጧት፣ ማይክሮፎኑን አነሣሁና በጨዋ ደንብ፣ «ምንም አይደለም ጋሼ፤ ከመጀመሪያው እንጀምር» አልኩ። ሊዲያ ገባት መሰለኝ፣ በሁለተኛው ባሰች። ከመጀመሪያው እንጀምር። በመጨረሻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አቀረቀሩ። ልጅቷ ብቻዋን ጨረሰች፤ እናቷም ቆማ አጨበጨበች፤ ከእሷ በቀር ግን ያጨበጨበ የለም።

እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ሽማግሌ አዋረድሽ» አለችና ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስልኬን አላነሣችም። እኔ ግን ያን ቀን የበላሁት ምግብ ጣፋጭነት እስካሁን አፌ ላይ አለ።

በማግስቱ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ጉልበቷ ስለማይችል ፕሮግራሙ ላይ አልነበረችም። ሁሉንም ነገርኳት። በሊዲያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ከመጀመሪያው እንጀምር» ያልኩት ላይ ስደርስ ግን ሳቋ ቆመ። ነጠላዋን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረገች።

«ሲግሩን እኮ አልተበቀለችውም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ይቅር ብላው ነበር። ሰውየው አርጅቶ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ያን ያህል ስሟ ገንኖ ሳለ፣ ከከተማ እየመጣች አጠገቡ ትቀመጥና የመዝሙሩን ወረቀት ትገልጥለት ነበር። ሲሞትም ቀብሩ ላይ የዘመረችው እሷ ናት። ያንን የልጅነቷን ጣፋጭ ዜማ። ቆሜ ሰምቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?»

«ተናድጄባት ነበራ!» አለች፣ ትናንት የሆነ ይመስል ዓይኗ እየተንቦገቦገ። «ከቀብሩ እቤቴ እስክደርስ ስቃጠል ነበር። እኔ ብሆን ብዬ፣ እኔ ብሆን ብዬ… ለራሴ ስነግረው የኖርኩትን ነው ለአንቺ የነገርኩሽ።»

ወደ ማሪዬታ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ለማፈር ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ያኔ በጭሱ መሀል ስሰማው እውነቱን ተነግሮኝ ቢሆን፣ ሲግሩን ወረቀት ስትገልጥለት ቢተረትልኝ፣ ምናልባት ደግ ሴት ይወጣኝ ነበር፤ ዘፋኝ ግን አይወጣኝም። እንደዚያ ነው የማስበው። አንዳንዴ ደግሞ የቀብሩን ዜማ መስማት እመኛለሁ፤ እንዴት ያለ ጉልበት እንደሚጠይቅ፣ ሳትበቀል እንደዚያ ለመዘመር።

አሁን የራሴ ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ ስለ አይስላንዷ ዘፋኝ ንገሪኝ ትለኛለች። ሁለቱንም ታሪክ አውቀዋለሁ፤ የምነግራት ግን የአክስቴን ነው። ይቅርታውን ስታድግ ራሷ ትድረስበት።