ደሞዝ የተከፈለበት ደቦ

ንፋስ መውጫ የምሠራበት ድርጅት የቢራ ገብስ ከገበሬ ሰብስቦ ለፋብሪካ ያቀርባል። የፋብሪካው ባለቤቶች ውጭ አገር ናቸው። እዚያ አዲስ ሕግ ወጣና ገብሱ ከየት እንደመጣ፣ መሬቱ እንዴት እንደተያዘ፣ የደከመበት ሰው ምን እንደተከፈለው በየዓመቱ በሪፖርት ማሳወቅ ግዴታ ሆነባቸው። ግዴታው ከላይ ወደ ታች ሲንከባለል መጥቶ እኛ ላይ አረፈ። ከአዲስ አበባ የተላከልን ሥራ አስኪያጅ “ዘላቂነት” የምትለዋን ቃል ሳያነሣ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ትተርፍ ነበር።

መጠይቁን ይዤ በየመንደሩ የዞርኩት እኔ ነኝ። አንዱ ጥያቄ ማሳው ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው እንዳለ ይጠይቃል። ገበሬው ሁሉ “አለ እንጂ” አለኝ። ምን ይበል? በደቦ ነው የሚታጨደው። ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው፤ ለአቅመ ደካማና ባል ለሞተባት ደግሞ ተራ ሳይጠበቅ። ጠላና ንፍሮ ይቀርባል፣ ይዘፈናል፣ በቃ። ሥራ አስኪያጁ መልሱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ደቦ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ሰማኝና፣ ውጭ ያሉት ባለቤቶች ይህን አያውቁልንም አለ። አጫጆች ደሞዛቸውን ሲቀበሉ በፎቶ እናንሣና ለአርአያነት ሪፖርቱ ላይ ይውጣ ብሎ ወሰነ።

ለአርአያነት የመረጣት አክስቴን ነው። የእናቴ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤተ ልሔም ደብር በታች ያለውን ማሳዋን የሚያጭዱላት ጎረቤቶቿ ናቸው። ባል የሞተባት ሴት ለፎቶ ትመቻለች፤ ይህን በገዛ አፉ ነው ያለው፣ ሳይሳቀቅ። ሰዎቹ ይቀየማሉ፣ ተው ብዬ ተሟገትኩ። እምቢ ካለች ከአቅራቢነት ትሰረዛለች አለኝ። በእኛ ዋጋ ገብሷን የሚገዛት ሌላ እንደሌለ እሱም እሷም ያውቁታል።

በደቦው ቀን ሰዎቹ ከማለዳ ጀምረው ግማሹን አጭደው ነበር። መኪናችን ማሳው ዳር ስትቆም ዘፈኑ ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ሥራ አስኪያጁ ብሩን አክስቴ እጅ ላይ አኖረና ለእያንዳንዱ እንድትሰጥ፣ ስትሰጥም ፈገግ እንድትል ነገራት። ጠጋ ብዬ እንድትተወው ነገርኳት።

“ገብሴን ባይገዙኝሳ?” አለችኝ።

ሄዳ መጀመሪያ የሰጠችው የባሏ የማኅበር ወንድም ለነበሩት ሽማግሌ ነው። ምን እንደሆነ ጠየቋት። የድካማችሁ ነው አለች፣ እንዳስጠናት። ሽማግሌው ብሩን አገላብጠው አዩት።

“እኔ የወንድሜን ማሳ ላጭድ ነው የመጣሁ” አሉ። “የቀን ሠራተኛ መሆኔን አሁን ሰማሁ።”

ብሩን ነዶ ላይ አስቀመጡና ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫኑበት። ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ሄዱ። ሌሎቹም ማጭዳቸውን እያነሡ ተከተሏቸው። ፎቶው ግን ተነሥቷል፤ እጇ ሲዘረጋ፣ የሽማግሌው እጅ ሲቀበል። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ እያሳየኝ ብርሃኑ ጥሩ ነው አለኝ። በሕይወቴ ሰው መምታት ያማረኝ ያን ቀን ነው።

አክስቴ ነፍስ አባቷን ይዛ በየደጃፉ ዞረች። ማንም ፊት አልነሳትም፤ ተቀመጪ ብለው ቤት ያፈራውን አቀረቡላት። ብቻ ሠራተኛ ቅጠሪ አሏት፣ ለስለስ ብለው። በአጨዳ ወቅት የሚቀጠር ሰው እንደማይገኝ ጠፍቷቸው አይደለም። እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀምጬ ከፎቶው ሥር የሚገባውን እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ በዚህ መንደር ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው የለም ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት የለበትም። ለአክስቴ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተገኘም።

እኛ ዘንድ ሜዳው ታጭዶ ሲያልቅ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፤ ለዘገየ ሰው አይጠበቅም። የእሷ ማሳ ቀድሞ ይታጨድ የነበረውም ለዚሁ ነው። ዘንድሮ ከብቱ ሲለቀቅ ግማሹ ገብሷ እንደቆመ ነበር። ፈቃድ ወስጄ፣ ማጭድ ተውሼ ወረድኩ። ስደርስ በዱላ በሬ ታባርራለች፤ ከአንዱ ጥግ ስታስወጣ በሌላው ይገባል። ነጠላዋ ወድቆ ተረግጧል። ከብቶቹ ከቆመው የበሉትን በልተው፣ የቀረውን አስተኝተውታል።

ሸሚዜን አውልቄ ጎንበስ አልኩና ማጨድ ጀመርኩ። አክስቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የጠየቀችኝን ስሰማ እየቀለደች መስሎኝ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት፤ አልቀለደችም።

“አንተስ” አለችኝ፣ “በቀን ስንት ነው የምትጠይቀኝ?”