የአባቴ ጃዝ በአጎቴ ፍጥነት

አጎቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እሱን ከጠየቃችሁት ግን መጀመሪያ የሮክ ሰው ነው፤ ቧንቧው እንጀራ ሆኖበት ነው። ጃዝ የሰማ እንደሆነ ፊቱ ይጨማደዳል። "ይሄ ሙዚቃ አይደለም፤ ገና መሣሪያ እየቃኙ ነው። ሲጨርሱ ጥሩኝ!" ይላል።

ጃዝ ወዳዱ አባቴ ነበር። ወጣት ሳሉ የሁለቱን ወንድማማቾች ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። አባቴ ጢሙን ሲላጭ ያፏጫል፤ አጎቴ ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን ይደበድባል። ታዲያ አባቴ አምና ሲሞት ስልሳ የጃዝ ሸክላዎቹን ለማን ቢያወርስ ጥሩ ነው? ለዚሁ ለግድግዳ ደብዳቢው!

እናቴ ግን የዋዛ ሰው አይደለችም። "እስቲ አንድ ወር ስማቸው። ጆሮህ እምቢ ካለ ለጥርስ ሐኪሙ እሰጣቸዋለሁ" አለችው። ጥርስ ሐኪሙ የአባቴ የጃዝ ጓደኛ ነው፤ አጎቴ ሰውዬውን ዓይኑን ማየት አይፈልግም። የወንድሙን ዕቃ በእሱ እጅ ማየት ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ወሩ ሲሞላ ከእናቴ ጋር ሄድን። አጎቴን ደስታ ሊያሳብደው ምንም አልቀረው።

"እትዬ፣ ለካ ጃዝ እሳት ነው! ወንድሜ ምነው እስከ ዛሬ ደበቀኝ?" ብሎ የሸክላ ማጫወቻዋን መርፌ አሳረፈ። ከበሮው ይራወጣል፤ ሳክስፎኑ እንደ ጫጩት ይንጫጫል። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ አናቱን ይነቀንቃል።

እናቴ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ ፈነዳች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"አንተ! በአርባ አምስት እያጫወትከው'ኮ ነው!"

አጎቴ ዕድሜ ልኩን ትንንሾቹን የሮክ ሸክላዎች ብቻ ስለሚገዛ፣ የፍጥነት መምረጫዋን እነሱ በሚዞሩበት፣ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር ላይ በቧንቧ ማጣበቂያ ቆልፏታል። የአባቴ ትልልቅ ሸክላዎች ደግሞ የሚዞሩት በሠላሳ ሦስት ነው። ወር ሙሉ የጨፈረው ከልኩ በላይ በሚሮጥ ጃዝ ነበር።

አፍሮ፣ እያጉረመረመ ማጣበቂያውን በቢላ ፈቀፈቀ። "በሉ እንግዲህ፣ እንቅልፍ ሊወስደን ነው" አለና መምረጫዋን ዝቅ አደረጋት።

ሳክስፎኑ ረጋ ብሎ ጀመረ። አጎቴ ቢላውን እንደያዘ ቀረ።

"ይቺን አውቃታለሁ" አለ። "ሲላጭ የሚያፏጫት ናት።"

እናቴ አሁንም ሳቋ አልለቀቃትም። "እና ለጥርስ ሐኪሙ ልስጥልህ?"

"ዝም በይ እትዬ" አላት። "ይጨርስ። አንድ ቀን እንኳ አስጨርሼው አላውቅም።"