ከፊሽካው በፊት

የዋናው ፖስታ ቤት የምሥራቅ በር የሴቶች ፈታሽ፣ በቅጽል ስሟ መዳፍ፣ ሰኞ ሐምሌ ፬ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ብቸኛ ወዳጇን በፊሽካ አስከበበች።

መዳፍ ወደዚህ ሥራ የመጣችው በምርጫዋ አልነበረም። ከዚያ ሰኞ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በከተማው የአውቶቡስ መናኸሪያ አንድ ሻንጣ ፈንድቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ገድሏል። ሻንጣውን ያስቀመጡት ሰዎች ዓላማ ከሞቱት ይልቅ የተረፉትን ማስጨነቅ ነበረ፤ በከፊልም ተሳክቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ፊቱን ትቶ ጭኑ ላይ ያለውን ቦርሳ ማየት ለመደ። መንግሥትም በየሕዝብ መሥሪያ ቤቱ በር ፈታሾች እንዲቆሙ አዘዘ። መዳፍ ያን ጊዜ የሆስፒታል አንሶላና ጋውን ትሰፋ ነበር፤ የስፌት ክፍሉ ሲዘጋ፣ ጣቶቿ ጨርቅ ያውቃሉ ተብሎ ወደ በሩ ተዛወረች። እውነትም ያውቁ ነበር። በኮት ገበር ውስጥ ሾልኮ የቀረ ቁልፍ ቢኖር፣ ባለቤቲቱ ራሷ የረሳችውን፣ ሳትከፍት ትነግራታለች። ቅጽሉም የወጣላት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍተሻ ሰው እንደሚገምተው ቀላል ሥራ አይደለም። ፈታሽ በቀን አራት መቶ ሴት ትነካለች፤ እሷን ግን የሚነካት የለም። ተፈታሿ ክንዶቿን ዘርግታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፤ «ጨረስሽ?» ትላለች፤ ትሄዳለች። መዳፍ ባልም ልጅም አልነበራትም፤ ወላጆቿም ቀደም ብለው አርፈዋል። ወደ አንድ ክፍል ቤቷ ስትመለስ «እንዴት ዋልሽ?» የሚሏት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ግድግዳ የሚጋሯት ጡረተኛ አዋላጅ ናቸው።

አዋላጇ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የማይተናነስ ሴት ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ሬዲዮ ዜና ይሰማሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ያጥባሉ፤ አንዷ ስታስል ሌላዋ ግድግዳውን ታንኳኳለች። አዋላጇ በሩቅ የማዕድን ማውጫ ለሚሠራው ልጃቸው ደብዳቤ ለመላክ በየወሩ ወደ ፖስታ ቤቱ ይመጣሉ። መመሪያ ዘመድ አያውቅምና መዳፍ እሳቸውንም እንደ ማንኛዋም ሴት ትፈትሻቸዋለች። በዚህ ተከፍተው አያውቁም፤ እንዲያውም ክንዳቸውን ዘርግተው ሰልፉ እስኪሰማ ድረስ፣

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ያዋለድኩት ሴትዮ ዛሬ ደግሞ ፈንጂ አረገዝኩ ብለሽ ነው?» ይሏታል። ሰልፉ ይስቃል፤ መዳፍም እየሳቀች ሥራዋን ትጨርሳለች።

በዚያ ሰኞ ግን አልቀለዱም። የመዳፍ እጅ ወገባቸው ላይ ሲደርስ የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ጠንካራ ሳጥን አገኘ፤ ከሳጥኑ ወደ ደረታቸው የሚወጡ ቀጫጭን ሽቦዎችም ነበሩ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች።

ከአዋላጇ ኋላ ሁለት የግቢያቸው ሴቶች ተሰልፈው ነበር። አዋላጇ ወደ መዳፍ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ዝም በይ፤ በኋላ እነግርሻለሁ» አሏት።

ነገሩ ይህ ነበር፦ ልባቸው ስላስቸገራቸው ሐኪም ለአንድ ቀንና ሌሊት የልብ ምት የሚመዘግብ መሣሪያ አስሮላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ሕመም በምሥጢር ሲጠብቁ የኖሩ ሴት፣ የራሳቸው ሕመም የግቢ ወሬ እንዲሆን አልፈለጉም። ፈታሿ ወዳጃቸው ስለሆነች፣ እጇ የሚያገኘውን አፏ ይጠብቅልኛል ብለው ተማመኑ። መዳፍ ደግሞ በሥልጠናው አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አጥንታ ነበር፦ «ዝም በይ የሚልሽ ሰው ዝም የማይባልለት ሰው ነው።» ከሁለቱ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ፊሽካው ተነፋ።

ሰልፉ ተበተነ። የበሩ ጠባቂዎች ከአጥሩ ግንብ ጀርባ መሣሪያ ደግነው፣ የስድሳ ስምንት ዓመቷን ሴት በእርጥቡ አስፋልት ላይ በጀርባቸው እንዲተኙና ሸሚዛቸውን በራሳቸው እጅ እንዲከፍቱ እየጮኹ አዘዙ። ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የፈንጂ ባለሙያው ደርሶ የሆስፒታል ዕቃ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላም፣ ቅጹ ተሞልቶ እስኪፈረም ድረስ፣ አዋላጇ እዚያው አስፋልት ላይ ቆዩ። መዳፍ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር መመሪያው ባዘዘው ርቀት ላይ ቆማ ነበር።

በማግሥቱ ሐኪሙ ምዝገባውን ሲያነብ፣ ትናንት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ምን አግኝቶዎት ነው ብሎ ጠየቃቸው። «ወዳጄን አገኘኋት» ብለው መለሱለት።

መሥሪያ ቤቱ ለመዳፍ በጭብጨባ የንቁ ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ሰጣት። የጥበቃ ኃላፊው በስብሰባ ላይ አሞገሳት፤ የሚጸጽተው የተነፋ ሳይሆን ያልተነፋ ፊሽካ ነው አለ። ግቢው ግን ሌላ ፍርድ ሰጠ። ልብስ ማስጫው ዘንድ ስትደርስ ወሬ ይቋረጣል። መዳፍ ስታልፍ አንዲቱ ጎረቤት «ሰብሰብ በሉ፣ እጅ መጣ» ትላለች። ቅዳሜ ብቻዋን ማጠብ ጀመረች። ስታስልም ግድግዳውን የሚያንኳኳ አልነበረም።

የአዋላጇን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳች። በሦስተኛው ከፈቱላት፤ ግቢ ግን አላሏትም።

«ፊሽካውን ስለነፋሽ አልተቀየምኩሽም» አሉ። «ሥራሽ ነው፤ እኔም ቂል ሆኜ ነው፣ አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፈንጂ አለመሆኑን ካወቅሽ በኋላ ግን፣ እኔ ደረቴን ገልጬ መሬት ላይ ተኝቼ፣ አንቺ ኮት ለብሰሽ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

መዳፍ ስለ መመሪያው መናገር ጀመረች፤ የጀመረችውን ግን አልጨረሰችውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ አልነበረችምና፣ መመሪያው አድርጊ ያላትን አዘዛት እንጂ፣ አድርጊ ያላላትን ሁሉ እንዳልከለከላት በዚያ ደጃፍ ተረዳች።

በዚያው ሳምንት ወደ ጥበቃ ኃላፊው ገባች። ከምሥራቁ በር አጠገብ ወፍራም ግንብ ያለው የመጥረጊያ ማስቀመጫ ክፍል አለ፤ እሱ ይለቀቅ፣ የምታጠራጥር ሴት ስትገኝ ከሰልፉ ዓይንና ጆሮ ተለይታ ወደዚያ ትግባ፣ ተቀምጣ ትጠየቅ፣ ፊሽካው መልስ ከታጣ በኋላ ይነፋ አለችው። ኃላፊው ለአሸባሪ ሳሎን እናዘጋጅለት ወይ ብሎ ቀለደ። ከዚያ ቀልዱን ትቶ፣

«እውነተኛ ፈንጂ ቢሆንስ? እዚያው አብረሻት ከፈነዳሽስ?» አላት።

«ግንቡ ወፍራም ነው። የምሞተው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝም የለም።»

ይህን የተናገረችው እንዲታዘንላት አልነበረም፤ የአንሶላ ቁመት እንደምትለካ ሁሉ፣ ያለውን ነገር ለክታ መናገሯ ነበር። ኃላፊው ወደ ሥራዋ መለሳት። በጽሑፍ ጠየቀች፤ በየወሩም ደገመች።

አዋላጇ በኅዳር ወር ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ሄዱ። ዕቃቸው ሲጫን መዳፍ ሳትጠራ መጥታ የአልጋቸውን አንድ ጫፍ ያዘች። አዋላጇም አልከለከሏት፤ መኪናው ሲነሣ «በርቺ» አሏት። ሁለት ደብዳቤ ጽፋላቸው መልስ አላገኘችም። ይቅርታ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ይቅር ማለት ግን የተበደለው ሰው ፈንታ ነው። መዳፍ ይህን አውቃ ሦስተኛ ደብዳቤ ሳትጽፍ ቀረች፤ ማመልከቻዋን ግን አላቋረጠችም።

አሥራ አራተኛው ማመልከቻ የደረሰው አዲስ ለተሾመ ኃላፊ ነበር። ሰውዬው አነበበው፤ ወርዶ ግንቡን በጡጫው ደበደበና ክፍሉን አስለቀቀ። ወንበርና ብርድ ልብስ ገባ።

መዳፍ በዚያ በር አሥራ አንድ ዓመት አገለገለች፤ ፈንጂ አላገኘችም። ወደ ክፍሉ ይዛ የገባቻቸው ሴቶች ሁለት መቶ ስድስት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዲቱም መሬት ላይ አልተኛችም። አሠራሩ ዛሬ በፖስታ ቤቱ በአራቱም በሮች ይሠራበታል።