ከ«መ» ሥር የወረደች ጠብታ

በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ታፔላ መጻፍ ደግሞ አባሰብኝ። ካዛንችስ ውስጥ ብሩሽ የያዘ ሁሉ የሌላውን ፊደል ይሰርቃል ብዬ አምን ነበር። እኔ ራሴ የፊደሎቼን ጥላ የወሰድኩት ከውጭ አገር ብስኩት ቆርቆሮ ላይ ነው፤ የሆዳቸውን ውፍረት ደግሞ ከህንድ ፊልም ማስታወቂያ። ያ ከሩቅ አገር የመጣ ስለሆነ ስርቆት አልመሰለኝም።

ለዓመታት አብሮኝ የጻፈ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ብሩሹን ጣለና ባምቢስ አካባቢ አንድ ባነር ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። አንድ ቀን ካሜራ አንጠልጥሎ ሰፈር መጣ። ቡና ቤት በር ላይ የጻፍኩትን «መኝታ አለ» የሚል ታፔላ ከፊትም ከጎንም አነሳው፤ ሌሎቹንም ታፔላዎቼን እየዞረ አነሳ። ለማስታወሻ ነው አለኝ። «መኝታ አለ» የምን ማስታወሻ ይሆናል? ልቤ አልወደደውም፤ ምሳ ልጋብዝህ ሲለኝማ ጭራሽ ጠረጠርኩት።

እዚያ ታፔላ ላይ ከ«መ» ሆድ ሥር ቀለም አምልጦኝ የወረደች ጠብታ ነበረች። የቡና ቤቱ ባለቤት ቶሎ ስቀለው ብላ ስላጣደፈችኝ ሳልጠርጋት ደረቀች።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ባምቢስ ከታክሲ ስወርድ አዲስ ባነር አየሁ፦ «የመኪና መለዋወጫ መሸጫ»። ፊደሉ የእኔ ነው። በሦስቱም «መ» ሥር ያቺው ጠብታ ተንጠልጥላለች። የሰው እጅ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት አይሠራም፤ ከፎቶው በኮምፒዩተር የተገለበጠ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አልኩና በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ።

ፊደሌን ሰርቀህ እየሸጥክ ነው አልኩት። አልካደም። ከኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ፣ «እሺ፣ ከጻፍካቸው ውስጥ አሁን የቆመ ታፔላ አለህ?» አለኝ።

አንድም አልነበረኝም። ሰፈራችን በዚያው ዓመት ፈርሶ ነበር፤ ያ ታፔላም ከተሰቀለበት በርና ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ተጭኖ ሄዷል። ሌሎቹም እንደዚያው።

መሸነፌን እንዳያይብኝ፣ ቢያንስ ጠብታዋን አጥፋልኝ፣ ታሳፍረኛለች አልኩት።

«እሷን ካጠፋኋት የማን እጅ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለኝ።

መልሱ ከሚገባው በላይ ያማረ ሆነብኝ። ስመጣ በመስኮት አይቶኝ አዘጋጅቶት ሊሆን ይችላል፤ እስከ ዛሬም ሙሉ ለሙሉ አላመንኩትም። ቢሆንም ሰፈሩ ሲፈርስ ወደገባሁበት የጎተራ ኮንዶሚኒየም ስመለስ፣ መንገዴ ባይሆንም፣ በባነሩ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ጠብታዋን ሳላያት ቤቴ አልገባም።