በወርቅ የተለበጠው ፊውዝ

አባቴ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሸቤ ውስጥ ድሬሰር ነበር። ቁስል ጠርጎ ሲጨርስ የሚተርፈውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ በመጠገን፣ አብዛኛውን ጊዜም የባሰ በማበላሸት ያሳልፍ ነበር። ሲሞት እህቶቼ የቡና መሬቱን ተካፈሉ፤ ለእኔ አንድ ከባድ አምፕሊፋየርና ቁመታቸው ወገቤ የሚደርስ ሁለት ስፒከሮች ደረሱኝ። አስጭኜ ጅማ ስገባ ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የት እንደምናስቀምጠው ሳይሆን መመለስ ይቻል እንደሆነ ነበር።

ጅማ ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይህን የምናገረው ከዚህ በኋላ የምተርከው ጥፋት ባለማወቅ የተፈጸመ እንዳይመስላችሁ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊጠይቀን ሲመጣ ነው። ፋርማሲ የሚያስተምር የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከሥራ ውጪ ያለውን ዕድሜውን ስለ ድምፅ የሚያወሩ ሰዎችን ዩቲዩብ ላይ በማየት ጨርሶታል። አምፕሊፋየሩን ከፍተን ትንሽ እንዳዳመጠ ፊቱ ላይ የሐኪም ሐዘን ታየበት። ዕቃው ግሩም ነው፣ ግን ታፍኗል አለ። ያፈነው ደግሞ ፊውዙ ነው። እሱ የራሱን አውጥቶ ጫፎቹ በወርቅ የተለበጡ፣ ውስጡ የብር ሽቦ ያለው አስገብቶበታል፤ አክስቱ ናት ከዱባይ ያመጣችለት። ከዚያ ወዲህ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ይሰማዋል።

ኮረንቲው ከግድቡ ተነስቶ፣ ተራራና ገደል አቋርጦ፣ በዘመመ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ጅማ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሽቦ ታጠራዋለች ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ብነግረው ይስቅብኛል። ግን ገዛሁ። አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ከፍቶ ሲያጫውተው መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እኔ ቤት ያንን ድምፅ አጥቼው ነበር። ያፈነው ነገር ይኸው ተገኘ ሲለኝ ማመን ፈለግሁ።

ፊውዙ በከፋይ በተለበጠች ሳጥን መጣ። ባለቤቴ ሳጥኑን እያገላበጠች የእሷ የጋብቻ ቀለበት በሶፍት ተጠቅልሎ እንደነበር አስታወሰችኝ። ፊውዙ ላይ በየት በኩል መግባት እንዳለበት የሚያሳይ ቀስት ተስሏል። የቤት ኮረንቲ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀስቱን አክብሬ አስገባሁት።

ድምፁ ለወጥ አለ። ዋሽንቱ ጠራ፣ ከበሮው ወደ ኋላ ሸሽቶ ራሱን ችሎ ቆመ። ለጎረቤት ነገርኩ፣ ለኮሌጁ ዲን ነገርኩ። ባለቤቴ ግን ምንም ልዩነት አልሰማሁም ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት ባልደረባዬ ባለበት፣ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞረን እንድንቀመጥና እሷ ፊውዙን እየቀያየረች እንድትፈትነን ተስማማን። ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ያለው የፊውዝ ክዳን በጣት የሚፈታ ስለሆነ አያስቸግርም።

አጠፋች፤ ክዳኑን ስትፈታ ሰማን፤ መልሳ ከፈተች። ሁለታችንም እኩል ራሳችንን ነቀነቅን። ባልደረባዬ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይሄ አሮጌው ነው፣ ድምፁ ጭቃ ውስጥ ገባ አለ። እኔም ዋሽንቱ እንደጠፋ ጨመርኩበት። ዞር ስንል ባለቤቴ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ መዳፏ ላይ ሁለቱም ፊውዞች አሉ።

«ምንም አላስገባሁም» አለች። «ዕቃው እምቢ ብሎ እንድታፍሩ ነበር የፈለግሁት።»

አምፕሊፋየሩ ባዶ የፊውዝ ቤቱን ይዞ እየዘፈነ ነበር። ከሦስታችን በጣም የደነገጠችው እሷ ናት፤ ሮጣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር በባጃጅ ጭነን ሄርማታ ገበያ ወሰድነው። እዚያ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ሐጂ አሉ። የአምፕሊፋየሩን ክዳን ፈትተው መነጽራቸውን አስተካከሉና ብዙ ሳቁ። ኮረንቲው ጭራሽ ፊውዙ ቤት አይደርስም። አንድ ሰው የሚገባውን ሽቦ ቆርጦ፣ በሌላ ሽቦ በቀጥታ ከትራንስፎርመሩ ጋር ጠምዝዞታል።

«ዋላሂ፣ የማን እጅ ነው ይሄ?» አሉ።

መገጣጠሚያው ላይ የተጠቀለለው የኤሌክትሪክ ቴፕ አልነበረም፤ ቢጫ የሆነ የቁስል ፕላስተር ነው። ጫፉ አባቴ ጉልበቴን ሲያሽግልኝ እንደሚያደርገው በሰያፍ ተቆርጧል። ሸቤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፊውዝ ይበላ ነበር፤ መለዋወጫ ለማግኘት ደግሞ ጅማ ድረስ መምጣት ነበረበት። ሰለቸውና በራሱ ሕክምና ፈወሰው። «የአባቴ ነው» ስላቸው ሐጂ ሳቃቸውን አቆሙ። ፕላስተሩን በቀስታ ልጠው፣ ሳይጥሉት፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖሩልኝ። ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ የወርቁን ፊውዝ አሳየኋቸው። ወደ ብርሃን አቅርበው የሚችለውን የኮረንቲ መጠን ቁጥር አነበቡና ለዚህ አምፕሊፋየር በጣም እንደሚበዛ ነገሩኝ፤ ኮረንቲው በእሱ በኩል ቢያልፍና ቢበዛ ኖሮ ዕቃው ተቃጥሎ እሱ ይተርፍ ነበር።

ለድምፁስ ይጠቅም እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ያለኝ ተስፋ እንደ እኔው ችኮ ነው።

«መምህር፣ ዱጋውን፣ እውነቱን ልንገርህ» አሉ። «የፊውዝ ሥራው መቃጠል ነው። ኮረንቲ ሲበዛ እሱ ይቃጠላል፣ ዕቃው ይድናል። አለቀ። መዝፈን አያውቅም።»

ሽቦውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተራ ፊውዝ መርጠው አስገቡ። ባልደረባዬ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ወር ሳይሞላ ሰፈራችን ላይ መብራት በኃይል መጣ። የጎረቤታችን ፍሪጅና የእኛ ቴሌቪዥን ነደዱ። አምፕሊፋየሩ ዝም አለ፤ ክዳኑን ብፈታ ተራው ፊውዝ ጠቁሯል። ሌላ ተራ ፊውዝ አስገባሁ፤ ዘፈነ። የተሻለ ፊውዝ ልግዛ ወይ ለሚለኝ ሰው አሁን መልሴ አጭር ነው፤ ቁጥሩ ልክ ይሁን፣ ወርቁን ለሚስትህ ግዛ።

የወርቁን ለባልደረባዬ ሰጠሁት። ምናልባት የአንተም ዕቃ ፊውዙ ታልፎ ቀድሞ በሽቦ ታስሮ እንደሆነ ሐጂ ይዩልህ ስለው፣ የእኔ ደህና ነው፣ ለምን ይከፈታል አለኝ። ባለፈው ሳምንት ምሳ ጠርቶኝ አዲስ ያወረደውን ዘፈን አሰማኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ አሁን፣ አሁን ስማ ይለኛል። ምን እንደምሰማ አላወቅኩም፣ ግን ደስ ብሎት ነበርና «ጥሩ ነው» አልኩት። ጥሩም ነበር።