አክስቴ አይን ውስጥ የሰፈሩት ዝንቦች

አክስቴ ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ አስራ ዘጠኝ አመት ጠርሙስ ስታይ ኖራለች። ስታይ ስላችሁ ታዲያ ዝም ብሎ ማየት እንዳይመስላችሁ! ከገበያ የተመለሰው ባዶ ጠርሙስ በማሽን ይታጠብና በሚንቀሳቀሰው ቀበቶ፣ በኮንቬየሩ ላይ ተሰልፎ እየተንቃጨለ ይመጣል። እሷ ፊት ሲደርስ ከኋላው መስኮት የሚያህል ነጭ መብራት አለ። ፀጉርም ይሁን፣ የሲጋራ ቁራጭም ይሁን፣ የሞተች ዝንብም ትሁን፣ ሳይለቅ የቀረ ነገር ካለ መብራቱ ላይ ቁልጭ ይላል። እጇን ትሰድና ላጥ! ጠርሙሱ አይጠብቅማ፣ አንዱ አለፈ ስትሉ ሌላው ደርሷል። ሃያ ደቂቃ ካየች በኋላ ፊሽካ ይነፋና ሌላ ሰው ይተካታል፤ ከዚያ በላይ የተቀመጠ ሰው አይኑን እንደገለጠ ይተኛላ! እኔ አንድ ቀን ሞክሬው ህልም ሁሉ አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው።

እኔ እዚያው ፋብሪካ ወረቀት መለጠፊያው ማሽን ላይ ነው የምሰራው፣ የምኖረውም ከእሷ ጋር ነው፤ ስለዚህ ይሄን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚያወራው ሰው የለም።

የፋብሪካው ሰው «ንስር» ይላታል። አንድ ጊዜ ከጠርሙስ ውስጥ ጉንዳን አውጥታለች። ጉንዳን! ያውም ገና ጨቅላ ጉንዳን ነው ይላሉ፤ እሱን እንኳ አላረጋገጥኩም።

አንድ ጠዋት ታዲያ ቤት ውስጥ ፎጣ ይዛ ስትወናጨፍ አገኘኋት።

«ምንድን ነው አክስቴ?»

«ይቺ ዝንብ ናታ! አይኔ ስር ገብታ መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ።»

ዞሬ ዞሬ ባይ ዝንብ የለም። ነጩን ግድግዳ በፎጣ ስትነርተው ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት፤ ፎጣውን ወደ እኔ ታዞረዋለቻ!

በዚያው ቀን ስራ ላይ ጉድ ፈላ። በሃያ ደቂቃ አምስት ስድስት ጠርሙስ የምታወጣው ሴትዮ አርባ አንድ አወጣች። ፈረቃ መሪው፣ ፊሽካ ከአፉ ስለማይለይ «ፊሽካ» የምንለው፣ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ፀጉር ነው አለቃ። ዝንብም አለበት። ማጠቢያው ተበላሽቷል።»

ንስር ዝንብ አለ ካለች አለ ነው! ጠርሙሶቹን መልሶ ያየ ሰው የለም። ማሽኑ ቆመ፣ መካኒኩ ማጠቢያው ሆድ ውስጥ ገባ፣ ሶስት ሰአት ሙሉ ብሎን ሲፈታ ቆይቶ ሳሙና በሳሙና ሆኖ ወጣ፤ ጆሮው ውስጥ ሁሉ አረፋ ነበር። «ይሄ ማሽን ከእኔ ጤነኛ ነው፣ ምንም የለበትም» አለ። ያኔ አርባ አንዱን ጠርሙስ እያነሱ በመብራቱ አዩ። እንደ እንባ የጠሩ!

ፊሽካ አክስቴን እያየ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እሷን ያስፈራት ይሄ ነው።

ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረች።

«አንቺ ልጅ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ዝንቧ ያለችው እኔ ውስጥ ነው።»

«ሆድሽ ውስጥ?»

«አይኔ ውስጥ፣ አንቺ ደነዝ! ፀጉርም አለ። ከጀመረኝ ሶስት ቀኑ ነው።» ድምጿ ቀጠነ። «ካወቁብኝ ከመብራቱ ያነሱኛል። የጠርሙስ ሳጥን ማጠብ ነው የሚሰጡኝ። እኔን! አስራ ዘጠኝ አመት ካየሁ በኋላ የጎማ ጫማ አድርጌ ሳጥን ልፈግፍግ?»

«የአይን ሞራ ይሆን እንዴ?» አልኩ፣ አፌ መች ያርፋል።

ትራሱን ወረወረችብኝ።

በማግስቱ አይን ሀኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። ሀኪሟ ጠብታ ጨመረችባት፣ ብሌኗ እንደ ድመት ሰፋ፣ ውስጥ ውስጡን በመብራት ስትፈትሽ ቆየችና ፈገግ አለች።

«እናቴ፣ አይን ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር አለ። እድሜ ሲገፋ ይሟሽሽና ክር ክር ይሰራል። እርስዎ የሚያዩት የክሩን ጥላ ነው። የእርስዎ ጉዳት የለውም።»

«ታዲያ ንቀይልኛ!»

«አይነቀልም፤ ይለመዳል።»

«ማነው የሚለምደው? እሱ ወይስ እኔ?»

ሀኪሟ ሳቀች፣ ግን ወዲያው ጣቷን ቀሰረች። «ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካዩ፣ ዝንቦቹ ድንገት ከበዙ፣ ወይ እንደ መጋረጃ ከጋረደዎት በዚያው ቀን ይምጡ። ነገ ከነገ ወዲያ የለም!»

ስንወጣ በጠብታው ምክንያት ፀሀዩ አጥበረበራት፣ ክንዴን ይዛ እንደ ሙሽራ ትራመዳለች። መንገድ ስንሻገር መሀሉ ላይ ቀጥ አለች።

«ቆይ! አይኔን ወደ ቀኝ ሳዞር ወደ ቀኝ ትሮጣለች። ሳቆም ቀስ ብላ ቁልቁል ትንሸራተታለች!»

«አክስቴ፣ መኪና!»

«ዝም በይ! የጠርሙሱ ቆሻሻ የሚሄደው ከጠርሙሱ ጋር ነው። የእኔዋ ከአይኔ ጋር! ገባሽ? አይኔን ካላንቀሳቀስኩ እለያቸዋለሁ!»

ሹፌሩ ክላክሱን አንባረቀው። «እማማ፣ ይሻገሩ እንጂ!»

«መጣሁ ልጄ፣ ዝንቤ ትውረድ!»

አስፋልት መሀል እንዲያ የሳቅኩበት ቀን የለኝም።

አምስት ቀን ፈቃድ ወሰደች። ጠረጴዛውን መስኮት ስር ሳብን፣ ከጎረቤት ጠርሙስ ለቃቀምኩ፣ አንዳንዱ ውስጥ ክር እየከተትኩ እገፋላታለሁ፣ እሷ ታወጣለች። የመጀመሪያ ቀን ንፁሁን ሁሉ ስታወጣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በሶስተኛው ቀን ግን አንገቷን እንደ ሀውልት አድርጋ፣ አይኗን አንድ ቦታ ተክላ፣ «ይሄ የእኔ... ይሄም የእኔ... ይሄ የአንቺ!» ትልና ባለ ክሩን ላጥ!

ወደ ስራ ስትመለስ ፊሽካ በሩ ላይ የጎማ ጫማ ይዞ ቆሟል። አዲስ፣ ያውም በእሷ ቁጥር!

«እትዬ፣ አይዞዎት፣ ሳጥን ክፍል ቀለል ይላል...»

«አለቃ፣ አልዋሽዎትም» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «አይኔ ውስጥ ዝንብ አለ። ሀኪሟ አይታዋለች፣ አይወጣም። ግን ከጠርሙሱ ዝንብ ለይቼ አውቀዋለሁ። ይፈትኑኝ።»

መካኒኩ ቂሙ ገና አልወጣለትም። «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም ሲባል ነበር የማውቀው፤ የእርስዎዎቹ ማሽን አስፈቱኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ምን ይመስላል ግን?» አለ ቀጮ፣ ሃያ ደቂቃዋ ሲያልቅ የሚተካት ሰውዬ።

«ነጩን መብራት እይ። አይንህን አዙርና አቁም።»

ቀጮ አየ። አፉን ከፈተ። «ኧረ እኔም አለኝ! ክር ነገር!»

መካኒኩ ገፍቶት ገባ። «ጉድ በል! የእኔስ ቀለበት ቀለበት ነው!»

ሳጥን የምታጥበዋ ሴትዮ «ሁለት አለኝ» አለች፣ እኔ «ሶስት አለኝ» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ያለኝ አንድ ነው።

«እኔ ምንም የለኝም» አለ ፊሽካ ኮራ ብሎ። አየ። ቆየ። ከዚያ እጁን አነሳና አየሩን እሽ አለው!

ሳቃችን የማሽኑን ድምፅ ዋጠው።

ከዚያ ወደ ፈተናው። መካኒኩ ሁለት መቶ ጠርሙስ ደረደረ፣ አስሩ ውስጥ ክር፣ የክብሪት እንጨት፣ ብጣሽ ወረቀት ከተተ። «እሷ ብቻ ለምን? አይን ያለው ሁሉ ይፈተን!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰውም ደገፈኝ። ቀጮ ስምንት አገኘ። ፊሽካ ስድስት አወጣ፣ ከስድስቱም ሁለቱ ንፁህ ነበሩ። አክስቴ ተቀመጠች። እኔ ጣቴን ነክሼ ነው ያየሁት። አንዱ ቀጭን ክር ሲያልፋት ልጮህ ነበር፣ ቀጮ አፌን ያዘኝ። ሲቆጠር ዘጠኝ! ንፁሁንማ አንዱንም አልነካችው!

ፊሽካ ጫማውን አየ፣ እሷን አየ፣ ጫማውን ከጀርባው ደበቀ። «ይቀመጡ እትዬ። ቦታዎ ነው።»

እልል አልኩ! መካኒኩ እንኳ አጨበጨበ።

ኮንቬየሩ ተነሳ። ፊሽካ ግን አልሄደም፤ ጆሮዋ ስር ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ የእኔዋ አልሄደችም እኮ። ምን ላድርግ?»

«አትከተላት ልጄ። አይንህን አቁም፣ ራሷ ትወርዳለች።»

አቆመ። እሱ ፊሽካውን መንፋት ረስቶ ተገትሮ ሲጠብቅ ሃያ ደቂቃው ሃያ አምስት ሆነ፤ ቀጮ ተራዬ ነው ብሎ ከወዲያ እጁን ቢያውለበልብ ማን ይየው! አክስቴ ደግሞ ምን ቸገራት፤ ያን ቀን ቢነፋላትም የምትነሳ አልነበረችም።